የሞተ ብቅል በአማካይ አይነሣም

ቢራ በቤታቸው መጥመቅ በጀመሩ ሰዎች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር ምክር አለ። «ድፍድፉ አንድ ጎኑ ቢግል፣ ሌላ ጎኑ ቢቀዘቅዝ አትጨነቁ፤ አማካዩ 65 ዲግሪ ከመጣ ይበቃል፤ ከቀነሰባችሁ የፈላ ውሃ ገልብጡበት» ይላል። ከዚሁ ጋር አብሮ የሚነገር ሌላ ወሬም አለ። እንደ ደብረ ታቦር፣ እንደ ገሳይ፣ እንደ ክምር ድንጋይ ባለ ደጋ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ስለሚፈላ ብቅል በቅጡ አይበስልም፤ የደጋ ጠላ የሚቀጥነውም በዚህ ነው ይባላል። ሁለቱም ስህተት ናቸው። ሁለተኛው በአጭሩ ይታረማል። የመጀመሪያው ግን ስንት ብቅልና ስንት ማገዶ ካስበላ በኋላ ጥፋቱ በእርሾው እየተሳበበ ስለሚታለፍ ሰፊ መልስ ይገባዋል።

ከሁለተኛው ልጀምር። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ጣና ዳር ባለችው ባሕር ዳር በ94፣ አዲስ አበባ በ92 ገደማ፣ ጉና ተራራ ራስ ላይ ደግሞ 87 ሳይሞላ ይፈላል። ታዲያ ምን ይሁን? ብቅል ትኩስ ውሃ ውስጥ ሥራውን በደንብ የሚሠራው ከ60 እስከ 72 ዲግሪ ባለው ክልል ነው፤ 80 ሲደርስ ሥራው አብቅቷል። ከገብስ የበለጠ ሙቀት የሚፈልጉት ጤፍና ማሽላ እንኳ ስታርቻቸው 80 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ውሃ ጠጥቶ አብጦ ይፈታል። 91 ዲግሪ ለዚህ ሁሉ በቂ ነው፤ ይተርፋልም። የደጋ ጠላ ቀጠነ ከተባለ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ይፈለግ።

ከፍታው የሚጎዳው በሌላ በኩል ነው፤ ስለ እሱ ግን የሚያወራ የለም። ከውጭ አገር ዘመድ የሚልከው ባለ መርፌ ቴርሞሜትር ብዙውን ጊዜ ከጀርባው ማስተካከያ ብሎን አለው። መመሪያው የፈላ ውሃ ውስጥ ነክሮ መርፌውን 100 ላይ ማድረስ ነው። ደብረ ታቦር ላይ እንዲህ ያደረገ ሰው መሣሪያውን በገዛ እጁ አበላሸው፤ 91 ዲግሪ የሆነውን ውሃ 100 ብሎ እንዲያነብ አድርጎታል። ከዚያ ወዲያ መርፌው 65 ሲል እውነተኛው ሙቀት 56 ነው። በ56 ዲግሪ አብዛኛው የገብስ ስታርች ገና አልተፈታም፤ ብቅሉ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን የሚቆርጠው ነገር አያገኝም። ቴርሞሜትር ማስተካከል የፈለገ ሰው ደቅቆ በውሃ የራሰ በረዶ ይጠቀም፤ እሱ ደጋም ሆነ ቆላ 0 ዲግሪ ነው። በረዶ ከሌለ ደግሞ በፈላው ውሃ ውስጥ መርፌውን 91 ላይ ያቁመው።

የብቅሉን መሠረታዊ ነገር አንባቢ ስለሚያውቀው አላረዝመውም። ገብስ ርሶ ሲበቅል ስታርችን ወደ ስኳር የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች በውስጡ ያዘጋጃል። ፓየንና ፔርሶ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1833 ከብቅል ለይተው ያወጡት ነገር በሰው እጅ ተለይቶ የወጣ የመጀመሪያው ኢንዛይም ነበር። ለእኛ የሚያስፈልጉን ሁለቱ ናቸው። ቤታ አሚሌዝ የስታርቹን ሰንሰለት ከጫፉ እየቀነጠሰ ማልቶስ የተባለውን፣ እርሾ የሚበላውን ስኳር ያወጣል። አልፋ አሚሌዝ ሰንሰለቱን ከመሃል ይበጥሰዋል፤ እርሾ የማይበላቸው ረጃጅም ቁርጥራጮችም ይቀራሉ። ቤታ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ይመቸዋል፣ 70 ላይ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። አልፋ 70ን ይችላል። ማልቶስ ከበዛ መጠጡ ይጠነክራል፤ ቁርጥራጩ ከበዛ ይወፍራል፣ ይጣፍጣል፣ አልኮሉም ያንሳል። (ከዚህ በታች «ድፍድፍ» የምለው ለቢራ የሚሆነውን የተፈጨ ብቅልና የሙቅ ውሃ ውህድ ነው። የጠላው ድፍድፍ ጌሾም እርሾም ስላለበት እሱን በስሙ እጠራዋለሁ።)

አሁን ወደ አማካዩ እንምጣ። አንድ በርሜል ድፍድፍ ግማሹ 55፣ ግማሹ 75 ዲግሪ ቢሆን አማካዩ 65 ነው። 65 ዲግሪ የሆነ ድፍድፍ ግን በርሜሉ ውስጥ የትም የለም። በ55ቱ ወገን ቤታ በሕይወት አለ፤ ስታርቹ ስላልተፈታ ግን ሥራ ፈት ነው። በ75ቱ ወገን ስታርቹ ተፈትቷል፤ ቤታ ግን ደቂቃዎች ሳይቆጠሩ ሞቷል፤ አልፋ ብቻውን እየበጣጠሰ ረጃጅሙን ቁርጥራጭ ያከማቻል። ቴርሞሜትሩ መሃል ላይ ተተክሎ 65 ቢያሳይ እንኳ የሚወጣው ጭማቂ በ65 ዲግሪ ከተሠራው ጋር አይመሳሰልም።

ምክሩን አደገኛ የሚያደርገው ቅዝቃዜና ግለት የሚያደርሱት ጉዳት እኩል አለመሆኑ ነው። የቀዘቀዘው ወገን ምንም አልጠፋበትም። ኢንዛይሙ እንዳለ አለ፣ ስታርቹም እንዳለ አለ፤ ሲሞቅ ሥራውን ይጀምራል። የጋለው ወገን ግን ተመልሶ ቢቀዘቅዝም ኢንዛይሙ አይመለስለትም። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፤ ሥራ የሚሠራው ሰውነቱ በልኩ ስለተጣጠፈ ነው፤ ግለቱ ያንን እጥፋት ይፈታዋል፣ የተፈታውም እርስ በርሱ ይያያዛል። የተቀቀለ እንቁላል ቢቀዘቅዝ ወደ ጥሬነቱ የማይመለሰው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ድፍድፍ የሚያዘጋጅ ሰው ሁሉንም ስህተት በእኩል ዓይን ማየት የለበትም። ሁለት ዲግሪ ማነስ ቀላል ነው። ሁለት ዲግሪ መብለጥ ብዙም ላይታወቅ ይችላል። አንድ ጥግ ላይ አሥር ዲግሪ መብለጥ ግን ያንን ጥግ ያጠፋዋል። ከ65 ዲግሪ ድፍድፍ ውስጥ ጥቂቱ 75 ቢደርስ የተቀረው በሕይወት ያለ ቤታ ቶሎ ከተቀላቀለበት ይደርስለታል፤ ሳይቀላቀል ግማሽ ሰዓት ከቆየ ግን በአንድ ዕቃ ሁለት ዓይነት መጠጥ እየተጠመቀ ነው።

ለመሆኑ ሙቀቱ ለምን ራሱ አይስተካከልም? ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው። ቀጭን ውሃ እሳት ላይ ሲጣድ የሞቀው ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ይወርዳል፤ ውሃው ራሱን ያማስላል። ድፍድፍ ግን ወፍራም ነው፤ ገለባውና ዱቄቱ እንቅስቃሴውን ይይዙታል። ከዚያ ሙቀት የሚጓዘው ከአንዱ ቅንጣት ወደ ጎረቤቱ እየተላለፈ ብቻ ነው፤ ይህ መንገድ ደግሞ እጅግ ዘገምተኛ ነው። በእርጥብ ድፍድፍ ውስጥ ሙቀት አንድ ሳንቲሜትር ለመሻገር 12 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ሁለት ሳንቲሜትር ሲሆን እጥፍ ብቻ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል፤ ርቀቱ በእጥፍ ሲያድግ ጊዜው በአራት እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ሁለት ሳንቲሜትር 48 ደቂቃ፣ አምስት ሳንቲሜትር አምስት ሰዓት፣ አሥር ሳንቲሜትር ሃያ ሰዓት ነው። አንድ ሙሉ የቢራ ድፍድፍ የሚቆየው አንድ ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። አንድ ስንዝር የሚሆን የጋለ ቦታ በዚህ ጊዜ ውስጥ በራሱ ይበርዳል ብሎ መጠበቅ የማይሆን ነገር ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ከቤታ ዕድሜ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። በ70 ዲግሪ ቤታ የሚኖረው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሙቀቱ ደግሞ አንዲት ሳንቲሜትር እንኳ ለመሻገር 12 ደቂቃ ይፈልጋል። ሩጫውን ሁልጊዜ ሞት ይቀድማል። ከሁለቱ ሊፈጥን የሚችል አንድ ነገር ብቻ አለ፤ እሱም የሰው እጅ ነው። በማማሰያ ሲማሰል የሞቀው ድፍድፍ ራሱ ተነሥቶ ቀዝቃዛው አጠገብ ይደርሳል፤ ሳንቲሜትሩ ወደ ሚሊሜትር ይወርዳል። አንድ ሚሊሜትር ለመሻገር ሙቀት የሚፈልገው ሰባት ሰከንድ ብቻ ነው። ስለዚህ መማሰል የድፍድፍን ሙቀት ለማስተካከል ካለው ሌላ መንገድ ሁሉ ይበልጣል፤ ዋጋውም ድካም ብቻ ነው።

ጓል ደግሞ የከፋ ነው። ዱቄቱ በአንድ ጊዜ ሲገለበጥ ውጩ ይርስና ይዘጋል፣ ውስጡ ደረቅ እንደሆነ ይቀራል። ሙቀቱ ቢገባለት እንኳ ውሃው አይገባለትም፤ ውሃ የሌለው ስታርች ደግሞ አይፈታም። ብቅሉ ለወንፊት የሚመች ሆኖ ሸከር ብሎ ቢፈጭ ጓሉ ይቀንሳል፤ እንደ ጤፍ ዱቄት ከደቀቀ ግን ብዙ ማማሰል ይጠይቃል፣ ሲጠልል ያስቸግራል።

የመገልበጡ ቅደም ተከተልም ለውጥ ያመጣል። ብቅሉን በሙቅ ውሃ ላይ የሚበትን ሰው የመጀመሪያዎቹን ጭብጦች ከሁሉ በጋለው ውሃ ውስጥ ይጥላቸዋል። ውሃውን በብቅሉ ላይ ቀስ እያለ የሚያፈስ ሰው ግን ብቅሉን ከቅዝቃዜው አንሥቶ ቀስ በቀስ ያሞቀዋል፤ መድረሻው ላይ እስኪደርስ ምንም አይቃጠልበትም። ጓል ግን ይበዛበታልና ሁለት ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ አንዱ ያፍስስ፣ አንዱ ያማስል።

ውሃው ስንት ዲግሪ ይሁን? ደረቅ ብቅል የሚይዘው ሙቀት በክብደት እኩል የሆነ ውሃ ከሚይዘው ከአራት አሥረኛ ብዙም አይበልጥም፤ አምስት ኪሎ ብቅል እንደ ሁለት ሊትር ውሃ ይቆጠራል። ገሳይ ላይ ማለዳ ብቅሉ 15 ዲግሪ ቢሆንና 65 ለመድረስ ቢፈለግ፣ እነዚያ ሁለት ሊትሮች እያንዳንዳቸው 50 ዲግሪ ይሻሉ፤ በድምሩ 100። ውሃው 15 ሊትር ከሆነ እያንዳንዱ ሊትር ሰባት ዲግሪ ያህል ይሰጣል፤ ስለዚህ 72 ዲግሪ ሆኖ ይፈስሳል። በፎገራ ሜዳ ብቅሉ 25 ዲግሪ ቢሆን 70 ይበቃል። ድፍድፉ ወፍሮ ውሃው 10 ሊትር ብቻ ከሆነ ግን የገሳዩ ሰው 75 ዲግሪ ውሃ ያስፈልገዋል። ደጋ ላይ ብቅሉ ስለሚቀዘቅዝ፣ ወፍራም ድፍድፍ ደግሞ ውሃ ስለሚያንሰው፣ ሁለቱ ሲገናኙ ውሃው ቤታ ወደሚሞትበት ክልል ይገባል። የደጋ ሰው ከቆላው ሰው የበለጠ መጠንቀቅ ያለበት እዚህ ላይ ነው። ቀጠን ያለ ድፍድፍ መሥራት፣ ወይም ብቅሉን ከዋዜማው ጀምሮ ምድጃ አጠገብ ማሳደር ይረዳል።

ዕቃውም ድርሻ አለው። አሥር ኪሎ የሚመዝን ቀዝቃዛ ሸክላ 65 የነበረውን ያንን ባለ 15 ሊትር ውሃ ድፍድፍ ወደ 60 ያወርደዋል፤ ያውም እኩል አያወርደውም፣ ግድግዳውን የነካውን ክፍል አብዝቶ ይጎዳል። አስቀድሞ ለብ ባለ፣ ቀጥሎ በሙቅ ውሃ ማሞቅ ይገባል፤ በአንድ ጊዜ የፈላ ውሃ ከተደፋበት ሸክላው ይሰነጠቃል። ከዚያ ክዳኑ ይግጠም፤ ከላይ በሚተን ውሃ የሚያመልጠው ሙቀት ብዙ ነው። ዕቃው በጋቢ ተጠቅልሎ በጭድ መሃል ቢቀመጥ ሰዓቱን ሙሉ በጥቂት ዲግሪ ልዩነት ይቆያል። እሳት ላይ ጥዶ ማቆየት ግን አይመከርም፤ ጉልቻው መሃል ያለው ታች አሮ ላዩ ቀዝቅዞ ይቀራል። ቴርሞሜትሩም አንድ ቦታ ተተክሎ አይቅር፤ መሃሉ፣ ጠርዙ፣ ታቹና ላዩ ይለካ። በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ዲግሪ ከሆነ ይተው፤ አምስት ከሆነ ይማሰል።

«የፈላ ውሃ ገልብጡበት» የሚለውን አሁን መመለስ ይቻላል። ያ ድፍድፍ 60 ላይ ቀርቶ ወደ 65 ለማድረስ ቢፈለግ፣ ደብረ ታቦር ላይ 91 ዲግሪ የሆነው የፈላ ውሃ ሦስት ሊትር ከሩብ ያህል ይጠይቃል። ባሕር ጠረፍ ላይ ላለ ሰው ግን ሁለት ሊትር ተኩል እንኳ አይሞላም። የደጋው ሰው ድፍድፉን የበለጠ ያቀጥናል። በአንድ ቦታ ከገለበጠው ደግሞ ያ ቦታ ከ80 በላይ ይሆናል፤ እዚያ አልፋም አይተርፍም። መጨመር ካለበት በቀጭኑ እየፈሰሰ፣ እጅ ሳያርፍ እየተማሰለ ይሁን።

ጀርመኖች ለዚህ ችግር ቴርሞሜትር ሳይኖር መፍትሔ አግኝተው ነበር። ከድፍድፉ ሲሶ ያህሉን ቀድተው ለብቻው ያፈሉና መልሰው ይጨምሩታል። የሚቀዱት ወፍራሙን ክፍል ነው፤ ኢንዛይሙ ቀልጦ ያለው በቀጭኑ ጭማቂ ስለሆነ እሱ ሳይቃጠል ይቀራል። የእንግሊዙ ጠማቂ ማይክል ኮምብሩን እ.ኤ.አ. በ1762 ባሳተመው መጽሐፉ ቴርሞሜትርን ለጠመቃ ሥራ እስኪያስተዋውቅ ድረስ የጠማቂው መለኪያ እጁ፣ ዓይኑና የፈላ ውሃ ነበሩ። የጀርመኖቹን ዘዴ ደብረ ታቦር ላይ የሚሞክር ሰው የሚመልሰው ክፍል 91 ዲግሪ እንጂ 100 እንዳልሆነ አስቦ ከሲሶ ትንሽ ከፍ አድርጎ ይቅዳ።

ሥራው መድረሱን ለማወቅ አዮዲን ይበቃል፤ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው የቁስል አዮዲን ማለቴ ነው። ነጭ ሳህን ላይ በተቀዳ ጭማቂ ላይ ጠብ ሲል ወደ ሰማያዊ ጥቁር ከተለወጠ ስታርች አለ። ናሙናው ከመሃል ብቻ ከተወሰደ ግን መልሱ ልክ መሃል ላይ እንደተተከለው ቴርሞሜትር ያታልላል። ከጠርዙም፣ ከታቹም፣ ከጓሉ ውስጥም ይቀዳ። የተሞከረበት ይደፋ፣ ተመልሶ አይጨመር።

ጠላስ? ጠላ ይህን ሁሉ መከራ በሌላ መንገድ አልፎታል። ስታርቹ የሚፈታው ብቅሉ በሌለበት፣ በእሳት ነው፤ ቂጣው ይጋገራል፣ እንኩሮው ምጣድ ላይ ይታመሳል። ብቅሉ የሚገናኘው ከበረደ በኋላ ነው፤ ከዚያ ኢንዛይሙም እርሾውም ጎን ለጎን ለቀናት ይሠራሉ። በ15 ዲግሪ ኢንዛይም ዘገምተኛ ነው። ሙቀት በየአሥር ዲግሪው ሲወርድ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል ብለን በግርድፉ ብንቆጥር፣ ከ65 ወደ 15 ስንወርድ 32 ጊዜ ይዘገያል፤ በቢራ አንድ ሰዓት የሚፈጀው በጠላ 32 ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። ጠላ ደግሞ ቀናት አሉት። በዚያ ሙቀት ቤታ ስለማይቃጠል አይቸኩልም።

እዚህ ላይ የሙያ ባልደረቦቼ የሚከራከሩባቸውን ነጥቦች መደበቅ አልፈልግም። በግማሽ የመቀነሱ ደንብ ግምት ነው፤ ለሁለቱ ኢንዛይሞች እኩል አይሠራም። ጠላ ውስጥ ጎምዛዣ የሚያደርጉ ባክቴሪያዎች ይሠራሉ፤ አልፋ አሚሌዝ ደግሞ ጉምዛዜ ይጎዳዋል፣ ቤታ ይሻለዋል። ስለዚህ ጠላው ቶሎ የሚጎመዝዝ ከሆነ የእኔ 32 ሰዓት ትርጉም ያጣል። ጌሾ ባክቴሪያዎቹን ምን ያህል ይገታል የሚለው ያከራክራል፤ መራራነቱ ብቻ ነው ዋናው የሚሉ አሉ፣ እርሾ ይዞ የሚመጣው እሱ ነው የሚሉም አሉ። ስለ ቢራው ድፍድፍ የሰጠኋቸው ዲግሪዎች እንኳ በአብዛኛው በቀጭን ድፍድፍ የተለኩ ናቸው፤ ወፍራም ድፍድፍ ውስጥ ቤታ ትንሽ ይጸናል። በቤት የሚደርቅ የፀሐይ ብቅል በፋብሪካ ምድጃ ከሚደርቀው የበለጠ ኢንዛይም ሊተርፈው ስለሚችል ስህተትን በቀላሉ ይሸከማል፤ ግን ከጊዜ ጊዜ ይለያያል። በቢራ ብቅል ላይ ብቻ የሠራ ሰው «ዘመናዊ ብቅል በ20 ደቂቃ ይጨርሳል፣ ሙቀቱ ባይስተካከልም ግድ የለም» ቢለኝ ስለ ስታርቹ ማለቅ እውነቱን ነው እላለሁ። ምን ዓይነት ስኳር እንደወጣ ግን አዮዲኑ አይነግረውም፤ የምከራከረውም ስለዚያ ነው።

ከእነዚህ ክርክሮች የትኛውም በአንዱ ነገር ላይ ለውጥ አያመጣም። ቂጣው ትኩስ እያለ ተቆርሶ ብቅል ያለበት ጥንስስ ውስጥ ከተጣለ፣ መሃሉ ለረጅም ጊዜ ግሎ ይቆያል። አራት ሳንቲሜትር የወፈረ ቂጣ ውስጡ እስኪበርድ ሁለት ሳንቲሜትር ይሻገራል፤ ያ 48 ደቂቃ ነው። በዙሪያው ያለው ብቅል በዚያ ሁሉ ጊዜ እየተቃጠለ ነው። ለድግስ በተቸኮለበት ቀን ይህ በቀላሉ ይደርሳል፤ «ጠላው አልበሰለም» ተብሎ የሚታማውም በኋላ ነው። የጠማቂ እናቶች ልማድ ቂጣውን በትናንሹ ቆርሶ፣ ሰፌድ ላይ ዘርግቶ፣ እጅ እስኪያስችል መጠበቅ ነው። የሰው እጅ ሳይቃጠል ቆይቶ የሚታገሠው ሙቀት ከ50 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ ቤታ በዚያ ሙቀት ምንም አይሆንም። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ቂጣውንም እንኩሮውንም በእጁ ይለካ፤ ሲለካ ግን ላዩን ብቻ ሳይሆን ሰብሮ መሃሉን ይንካ።